ለዶክትሬት የምርምር ገንዘብ ማመልከት፦ ከሬጅስትራር መስኮት እስከ ሚያዝያ 7

በየቴሌግራም ቻናሉ "ፉሊ ፈንድድ" እየተባለ የሚለጠፈውን ሁሉ ሴቭ እያደረገ አንዱንም ጨርሶ ያላመለከተ ሰው እልፍ ነው። ማስታወቂያዎቹ በአብዛኛው ውሸት አይደሉም። ግን ለምርምር ዲግሪ ከሚወጣው ገንዘብ ብዙው "ስኮላርሺፕ" የሚል ስም ይዞ አደባባይ አይወጣም። አሜሪካ ውስጥ በትምህርት ክፍሉ በጀትና በፕሮፌሰሩ የምርምር ፈንድ ውስጥ ነው ያለው። ስዊድን፣ ኖርዌይና ኔዘርላንድስ ውስጥ ደግሞ ዶክትሬት ደሞዝ ያለው ሥራ ስለሆነ የሚወጣው በክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ ነው። ይህን ገንዘብ የያዘ ሰው ከውጤታችሁም ከችግራችሁም በፊት የሚያየው የምርምር ጥያቄያችሁን ነው። መመሪያው በዋናነት አገር ቤት ተምሮ ውጭ ለዶክትሬት ለሚያመለክት ሰው ነው፤ አሜሪካ ለምትኖሩም በመሃል የሚሆን ነገር አለ።

1. ገንዘቡ የት እንዳለ ለዩ

አሜሪካ ውስጥ ዶክትሬት የሚያስተምር የትምህርት ክፍል፣ በተለይ በሳይንስና በኢንጂነሪንግ፣ ተማሪ የሚቀበለው አብዛኛውን ጊዜ ከነገንዘቡ ነው። የትምህርት ክፍያው ይነሳለታል፣ መተዳደሪያ ይከፈለዋል፣ ብዙ ቦታም የጤና መድን ይገባለታል። እሱም በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ያስተምራል ወይም ፈተና ያርማል፤ ይሄ ቲኤ ይባላል። በአንድ ፕሮፌሰር ፕሮጀክት ላይ ከሠራ አርኤ ነው። ሥራ ሳይጠየቅበት የሚሰጠው ፌሎሺፕ ነው። ለእነዚህ በአብዛኛው ሌላ ፎርም የለም፤ የመግቢያ ማመልከቻው ራሱ የገንዘቡም ማመልከቻ ነው። "መጀመሪያ አድሚሽን ላግኝ፣ ከዚያ ስፖንሰር እፈልጋለሁ" የሚል ሰው ነገሩን በተገላቢጦሽ ይዞታል።

ሌላም ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። አሜሪካ ለዶክትሬት ለማመልከት በብዙ የትምህርት መስክ ማስተርስ ግዴታ አይደለም። ማስተርሱ ባብዛኛው ከኪስ የሚከፈል በመሆኑ፣ ጥሩ የመመረቂያ ጽሑፍ ያለው የመጀመሪያ ዲግሪ ምሩቅ በቀጥታ ለዶክትሬት ቢሞክር ያዋጣዋል። አውሮፓ ግን በአብዛኛው ማስተርስ ይጠየቃል።

ማስተርሱን ለመማር ከሚያስኬዱት ውስጥ የአውሮፓ ኅብረት ስኮላርሺፕ የሆነው ኢራስመስ ሙንደስ አንዱ ነው። ቢያንስ ሁለት አገር ያስተምራል፣ እስከ 24 ወር ድረስ በወር 1,400 ዩሮ ይከፍላል፤ ማመልከቻው የሚላከውም በቀጥታ ለእያንዳንዱ ፕሮግራም ሲሆን አብዛኞቹ ከጥቅምት እስከ ጥር ይከፈታሉ። የጀርመኑ የአካዳሚክ ልውውጥ ድርጅት፣ ዳድ፣ ኤፖስ በሚባለው ፕሮግራሙ ቢያንስ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ የመጨረሻው ዲግሪም ከስድስት ዓመት ያልበለጠ መሆን አለበት። በልማት መሥሪያ ቤት ወይም በዩኒቨርሲቲ ለሚሠራ ሰው ልክ ነው። ለዶክትሬት የሚሰጠው የዳድ የምርምር ድጎማ ግን ሌላ ነገር ይፈልጋል፦ ሊያማክራችሁ የተስማማ የጀርመን ፕሮፌሰር ደብዳቤ፣ እንዲሁም ከአሥር ገጽ ያልበለጠ ፕሮፖዛል ከጊዜ ሰሌዳ ጋር።

ከሁሉ በታች የሚታወቀው፣ እኔ ግን በጣም የምወደው፣ የአውሮፓ ኅብረት የማሪ ኩሪ የዶክትሬት ኔትዎርክ ነው። ዩራክሰስ በሚባለው የሥራ ማስታወቂያ ገጽ ላይ ይወጣል፣ ዜግነት አይመርጥም፣ የሚፈርሙትም የሥራ ውል ነው። ዋናው ገደብ ከመቀጠራችሁ በፊት ባሉት 36 ወራት ውስጥ በተቀባዩ አገር ከ12 ወር በላይ አለመኖራችሁ ነው። አዲስ አበባ ወይም ጎንደር ለተቀመጠ ሰው ይህ ገደብ ጥቅም ነው፤ እዚያው ያሉትን ተወዳዳሪዎች ያስቀርለታል።

አሜሪካ ያላችሁ፣ በዲቪ መጥታችሁ ግሪን ካርድ የያዛችሁ ወይም እዚያ የተወለዳችሁ፣ ሁለት ስም መዝግቡ። አንዱ የብሔራዊ ሳይንስ ፋውንዴሽን የምርምር ፌሎሺፕ ነው። ለዜጎችና ለቋሚ ነዋሪዎች ብቻ የተከፈተ ሲሆን፣ ለሦስት ዓመት በዓመት 37,000 ዶላር ለተማሪው ይከፍላል። ሦስት ገጽ ስለ ራሳችሁ፣ ሁለት ገጽ ስለ ምርምሩ ትጽፋላችሁ፤ ዳኞቹም ሁለት ነገር ይመዝናሉ፦ የሳይንሱን ጥንካሬና ለኅብረተሰቡ የሚያመጣውን ፋይዳ። ሁለተኛው የስደተኞችና የስደተኛ ልጆች የሆነው የፖልና ዴዚ ሶሮስ ፌሎሺፕ ነው፤ በሁለት ዓመት እስከ 90,000 ዶላር ይሰጣል፣ በየዓመቱ የሚመርጠው 30 ሰው ነው፣ ዕድሜም ከ30 እንዳያልፍ ይፈልጋል።

ከእነዚህ መካከል "ገንዘቡን እንድናገኝልህ ይህን ያህል ክፈል" የሚል የለም። የማመልከቻ ክፍያ ዩኒቨርሲቲ ይጠይቃል፤ ደላላ የሚጠይቀው የራሱን ነው።

2. ወረቀቱን ክረምት ላይ ጀምሩ

ጽሑፉ በሌሊት ይጻፋል፣ ማኅተም ግን በሌሊት አይገኝም። ስለዚህ ማመልከቻው ኅዳር ላይ የሚዘጋ ከሆነ ሬጅስትራር ዘንድ የምትቀርቡት ሐምሌ ላይ ይሁን። ሰኔ ላይ ምረቃ ነው፣ መስከረም ላይ ምዝገባ ነው፤ በሁለቱም ጊዜ መስኮቱ ጋ የሚጠብቃችሁ ሰልፍ ነው።

ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከተመረቃችሁ ከ1995 ዓ.ም. ደንብ ጀምሮ ያለው የወጪ መጋራት ይመለከታችኋል። ኦፊሻል ትራንስክሪፕት በታሸገ ፖስታ ይላክልኝ ስትሉ "ኮስት ሼሪንግ ከፍለሃል?" መባላችሁ አይቀርም። ደስ የሚለው ነገር፣ ብዙ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች በማመልከቻ ጊዜ የሚፈልጉት በእጃችሁ ያለውን ስቱደንት ኮፒ ስካን ብቻ ነው፤ ኦፊሻሉን የሚጠይቁት ከተቀበሏችሁ በኋላ ነው። ስለዚህ ዕዳው ስላልተጠናቀቀ ብቻ ዓመቱን አታሳልፉት። ግን ምን ያህል እንደቀረባችሁና ማን እንደሚያስጨርሰው ከአሁኑ ጠይቁ፤ ሚያዝያ ላይ "ተቀብለንሃል" ተብሎ ወረቀት ፍለጋ መሯሯጥ ያሳምማል።

ስካን ስታደርጉ የትራንስክሪፕቱ ጀርባ ላይ የውጤት መለኪያ ከታተመ እሱም ይግባ። በስልክ ካሜራ የተነሳ፣ ጥግ ላይ አውራ ጣት የሚታይበት ፎቶ አትላኩ፤ ፎቶ ኮፒ ቤት በጥቂት ብር ንጹህ ፒዲኤፍ ይሠራሉ።

አሁን ስም። የኛ ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ እንደ ጸሐፊው ነው፤ ዲግሪው ላይ ፀሐይ በሁለት ፊደል ተጀምሮ ፓስፖርቱ ላይ በአንድ ይጀመራል፣ የአያት ስም አንዱ ጋ አለ፣ ሌላው ጋ የለም። ኮምፒውተሩ እነዚህን ሁለት ሰው አድርጎ ያያቸዋል። ገዢው ፓስፖርቱ ነው። ማመልከቻውን፣ የእንግሊዝኛ ፈተናውን፣ ኢሜይላችሁን ሁሉ በፓስፖርቱ አጻጻፍ አድርጉ፤ ዲግሪው ከተለየ ሁለቱም የአንድ ሰው ስም መሆኑን የሚገልጽ አጭር ደብዳቤ ከሬጅስትራር ያዙ። ፓስፖርት ገና ካላወጣችሁ ዲግሪያችሁን ይዛችሁ ሂዱና ፊደሉን በዚያ አስጽፉ። የልደት ቀንም እንደዚሁ፤ በኛና በፈረንጅ አቆጣጠር ተቀላቅሎ የተመዘገበ ካለ አሁኑኑ አስተካክሉት።

እዚያው ሳላችሁ አንድ ነገር ጨምሩ፦ የተማራችሁት በእንግሊዝኛ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ። አንዳንድ የአውሮፓ ፕሮግራሞች ይህን ብቻ አይተው ከአይልትስ የእንግሊዝኛ ፈተና ነጻ ያደርጋሉ።

3. ጥያቄውን አንጥሩት

ከዚህ በላይ የሚበልጥ ሥራ የለም፣ ጊዜያችሁን ከበላም እዚህ ይብላው። አብዛኛው የማነበው ረቂቅ እንዲህ ይጀምራል፦ "እምቦጭ የጣና ሐይቅን እያጠፋ ያለ አደገኛ አረም ነው። በዓሣ አስጋሪዎች ኑሮ ላይ ከባድ ተጽዕኖ አሳድሯል። ስለዚህ ዘላቂ መፍትሔ የሚያመጣ ጥናት ማድረግ እፈልጋለሁ።" ሁሉም እውነት ነው፤ ግን ጥያቄ የለውም። አንባቢው ምን እንደምትለኩ፣ በምን እንደምትለኩ፣ መልሱ ቢገኝ ምን እንደሚለወጥ አላወቀም።

አሁን ይህን እዩ፦ "እምቦጩ የሚበረታው በሐይቁ ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ፣ የርብና የጉማራ ወንዞች በሚገቡበት የፎገራ ሜዳ በኩል ነው። ክረምት ላይ ወንዞቹ የሚያመጡት ፎስፈረስ ሲጨምር አረሙ የሚስፋፋው ከስንት ሳምንት በኋላ ነው? ይህን ለማወቅ በነጻ የሚገኘውን የሴንቲኔል 2 ሳተላይት ምስል እጠቀማለሁ፤ በየአምስት ቀኑ ያነሳል፣ አሥር ሜትር ድረስ ይለያል። ክረምት ደመናው ስለሚሸፍነው በእነዚያ ወራት ደመና የሚያልፈውን የሴንቲኔል 1 ራዳር እጨምራለሁ።"

የሁለተኛው ጸሐፊ ርዕስ ያው እምቦጭ ነው። የተለየው ቦታው ጠቧል፣ የሚለካው ነገር ታውቋል፣ ዳታው ከየት እንደሚመጣ ተነግሯል። ከሁሉም በላይ ደግሞ እንቅፋቱን ራሱ አንስቶ መልሶታል። ደመናውን የጠቀሰች ያቺ አንድ ዓረፍተ ነገር ይህ ሰው ምስሉን ከፍቶ አይቶታል ታሰኛለች። ዳኛ የሚፈልገው ይህን ነው።

እዚያ ለመድረስ እንዲህ አድርጉ። ከመመረቂያ ጽሑፋችሁ የመጨረሻ ምዕራፍ ተነሱ፤ "ወደፊት ቢጠና" ብላችሁ የጻፋችሁት ለወጉ ካልሆነ በስተቀር እዚያ አንድ እውነተኛ ጥያቄ አይጠፋም። በጉዳዩ ላይ ባለፉት ጥቂት ዓመታት የወጡ ጽሑፎችን በጉግል ስኮላር ፈልጉ፤ አምስት ጽሑፍ በደንብ ማንበብ ሃምሳ ርዕስ ከመሰብሰብ ይሻላል። የእያንዳንዱን ድክመት በአንድ መስመር ጻፉ። ብዙዎቹ አንድ ዓይነት ድክመት ካላቸው ጥያቄያችሁ እሱ ነው። ከዚያ ጥያቄውን በአማርኛ ለቤታችሁ ሰው አስረዱ። በአማርኛ ማስረዳት ካቃታችሁ በእንግሊዝኛ የጻፋችሁት የተዋሳችሁት ቃል ድርደራ ነው ማለት ነው።

ገንዘብ ከፍላችሁ በሦስት ቀን የሚያትም ጆርናል ላይ ጽሑፍ ለማውጣት እንዳትቸኩሉ። "ፐብሊኬሽን ያስፈልጋል" ስለተባለ ብቻ እንዲህ ያለ ነገር ሲቪ ላይ ማስገባት በሙያው ያለ ሰው ዓይን ውስጥ ያስወድቃል። ያልታተመ ግን ጥሩ የተሠራ ቴሲስ ይበልጣል።

4. ፕሮፌሰሩን ፈልጉ፣ ገንዘቡንም አብራችሁ

ካነበባችኋቸው ጽሑፎች ውስጥ ደጋግማችሁ ያገኛችሁትን ስም ያዙ። ከዚያ ጥቂት ሰው የሚያደርገውን አድርጉ፦ የጽሑፉን መጨረሻ፣ የምስጋናውን ክፍል አንብቡ። ምርምሩን የደገፈው ማን እንደሆነ፣ ብዙ ጊዜም ከነ ፈንዱ ቁጥር፣ እዚያ ተጽፏል። የአሜሪካው ብሔራዊ ሳይንስ ፋውንዴሽን የሰጠውን ፈንድ ሁሉ ለሕዝብ በተከፈተ ዳታቤዝ ያስቀምጣል፤ በፕሮፌሰሩ ስም ስትፈልጉ የፕሮጀክቱ ርዕስ፣ መጠኑና የሚያበቃበት ቀን ይወጣል። የጤና ምርምር ከሆነ የአሜሪካው ብሔራዊ ጤና ተቋም ሪፖርተር የሚባል ዳታቤዝ አለው፤ የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ኮርዲስ። ፈንዱ ገና ዓመታት የቀሩት ፕሮፌሰር ተማሪ ይፈልጋል። በዚህ ዓመት የሚያልቅበት ደግሞ ሰውዬው ደግ ቢሆንም እጁ ባዶ ሊሆን ይችላል።

ኢሜይሉን ከነሐሴ አጋማሽ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ላኩ። አጭር ይሁን፤ በስልክ ላይ ብዙ ሳይገፋ የሚያልቅ። አቤት ባይ ደብዳቤ አይደለምና "ክቡርነትዎ" አያስፈልግም፣ የቤተሰብ ችግርም አይገባበትም። ይዘቱ ይህን ይመስላል፣ በእንግሊዝኛ እየጻፋችሁት፦

"ፕሮፌሰር እገሌ፣ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በውሃ ሀብት ምህንድስና ማስተርሴን ጨርሻለሁ። በመጪው መስከረም ለሚጀምረው ዶክትሬት አዲስ ተማሪ ይቀበሉ እንደሆነ ለመጠየቅ ነው የምጽፈው። በቴሲሴ የጣናን እምቦጭ በሳተላይት ምስል ስከታተል ዋናው እንቅፋቴ የክረምቱ ደመና ነበር። በራዳር የሐይቅ ዳርቻ ዕፅዋትን የለዩበትን ጽሑፍዎን ሳነብ፣ ዘዴው ተንሳፋፊ አረም ላይ ይሠራ ይሆን የሚል ጥያቄ አደረብኝ። የአንድ ገጽ ሐሳብና ሲቪ አያይዣለሁ።"

እንግዲህ እዚህ ውስጥ ውዳሴ የለም። ጽሑፉን ማንበቡን "እጅግ ግሩም ነው" በማለት ሳይሆን ጥያቄ በማንሳት አሳይቷል። ስማቸውን ስትጠሩ ተጠንቀቁ፦ እኛ ዶክተር ከበደ ስንል በራሳቸው ስም ነው፣ እነሱ ግን ከማዕረጉ ቀጥሎ የሚሉት የቤተሰቡን ስም ነው። አንዱን ደብዳቤ ለሃምሳ ሰው በአንድ ጊዜ መላክ ደግሞ ወዲያው ያስታውቃል።

መልስ ካልመጣ ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ አስታውሱ፤ ከዚያ ተዉት። ዝም ማለታቸው ስለ እናንተ ምንም አይናገርም። "አመልክት፣ ማመልከቻህን አያለሁ" የሚል መልስም ቃል ኪዳን አይደለም፣ ግን በደስታ ተቀበሉት። አንዳንድ ፕሮግራም፣ በተለይ ባዮሎጂ ነክ የሆነ፣ ተማሪ የሚቀበለው በኮሚቴ ነው፤ ተማሪው አማካሪውን የሚመርጠው ከገባ በኋላ በየላቦራቶሪው ዞሮ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ኢሜይሉ ብዙ አይጨምርም። የፕሮግራሙን ገጽ አንብባችሁ ለዩ።

5. የድጋፍ ደብዳቤ

ሦስት ደብዳቤ ይጠየቃል። ከዲን ወይም ከፕሬዚዳንት የሚመጣ ትልቅ ማኅተም ያለው ደብዳቤ፣ እናንተን የማያውቅ ሰው ከጻፈው፣ ከመመረቂያ ጽሑፍ አማካሪያችሁ ደብዳቤ በጣም ያነሰ ነው። አማካሪው፣ አንድ ከባድ ኮርስ ያስተማራችሁ መምህር፣ የሠራችሁበት ፕሮጀክት ኃላፊ፤ እነዚህ ይበቃሉ።

አገራችን ውስጥ መምህሩ በሥራ ተወጥሮ "ጻፍና አምጣልኝ፣ እፈርማለሁ" ማለቱ የተለመደ ነው። ጉዳቱ ሦስቱም ደብዳቤ በአንድ ሰው ብዕር ተጽፎ መታየቱ ነው፤ አንድ ዓይነት ቅጽል፣ አንድ ዓይነት አንቀጽ። ዳኛው ወዲያው ይነቃበታል። ደግሞም በብዙ ፖርታል (የማመልከቻ ድረ ገጽ) አገናኙ (ሊንኩ) በቀጥታ ለመምህሩ ኢሜይል የሚላክና በእሱ እጅ ብቻ የሚገባ ነው። ስለዚህ ሲጠይቋችሁ ደብዳቤ ሳይሆን ማስታወሻ ጽፋችሁ ስጡ፦ "ዶክተር፣ እንዳያስቸግርዎ ብዬ የሚያስታውሱኝን ነገሮች በአንድ ገጽ አስቀምጬልዎታለሁ" በሉና ሁነቶችን ዘርዝሩ። የትኛውን ኮርስ መቼ እንደወሰዳችሁ፣ የቴሲሱ ዳታ ሲበላሽ ምን አድርጋችሁ እንዳዳናችሁት፣ የቴሲሱ ዲፌንስ ላይ ፈታኙ ምን እንደጠየቀና ምን እንደመለሳችሁ። ከዚያ ዓረፍተ ነገሩን ራሳቸው ይሥሩት። ሲቪያችሁን፣ ትራንስክሪፕቱንና የዓላማ መግለጫውን (ስቴትመንት ኦፍ ፐርፐስ) ረቂቅ አያይዙ።

ከዩኒቨርሲቲው ኢሜይል እንዲልኩ ለምኑ፤ ጂሜይል ሲሆን አንዳንድ ፖርታል ይጠራጠራል። የመጨረሻውን ቀን በኛ አቆጣጠር ጻፉላቸው፣ ከእውነተኛው ሳምንት ቀደም አድርጋችሁ። ቀኑ ሲቀርብ ኢሜይል ብቻ አትላኩ። ደውሉ፤ ካልሆነም ቢሯቸው ድረስ ሂዱና ቁጭ ብለው አገናኙን ሲከፍቱ አጠገባቸው ሁኑ። ይህ ድፍረት አይደለም፤ መምህሩም በልቡ ያመሰግናችኋል።

6. የዓላማ መግለጫውና ሲቪው

ተራ ቁጥር 3 ላይ በትጋት ከሠራችሁ ይህ ይቀላል። "ከልጅነቴ ጀምሮ ሳይንስ እወድ ነበር" ብላችሁ አትጀምሩ፤ ከጥያቄው ጀምሩ። ቀጥሎ እስካሁን የሠራችሁት ምን እንደሆነ፣ በራሳችሁ እጅ የተሠራው የትኛው እንደሆነ፣ ምን እንዳልተመለሰ። ከዚያ ያ ዩኒቨርሲቲ ለምን፦ ሁለት ወይም ሦስት ፕሮፌሰሮችን በስም ጥሩ፣ የእያንዳንዳቸው ሥራ ከጥያቄያችሁ ጋር የት ላይ እንደሚገናኝ በአንድ በአንድ ዓረፍተ ነገር። ዩኒቨርሲቲውን "ዓለም አቀፍ ዝና ያለው" ማለት ባዶ ቦታ መሙላት ነው።

አንድ ሴሚስተር ውጤታችሁ ወርዶ ከሆነ፣ ዩኒቨርሲቲው ተዘግቶ ትምህርት ተቋርጦ ከሆነ፣ በሁለት መስመር ያለ ምሬት ግለጹት። ካልገለጻችሁት ክፍተቱን አንባቢው በራሱ ግምት ይሞላዋል።

ሲቪው ላይ የጋብቻ ሁኔታ፣ የሃይማኖት፣ የመታወቂያ ቁጥር አይገባም። ለኤፖስ ግን ዳድ የዩሮፓስ ቅርጽ ይፈልጋል፣ ተፈርሞበት።

7. ፈተናና ክፍያ

ጂአርኢ የሚባለውን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ብዙ ፕሮግራሞች ትተውታል፤ የሚጠይቀውን ብቻ ለዩና የማይጠይቀውን አስቀድሙ። ለእንግሊዝኛው አይልትስ ወይም ቶፍል፤ ውጤቱ ለሁለት ዓመት ያገለግላል፣ ስለዚህ ከአሁኑ ብትፈተኑ ለሚቀጥለውም ዓመት ይሆናል።

የማመልከቻ ክፍያው ነው ሰውን የሚያስቆመው። ዶላር የሚከፍል ካርድ ማግኘት ከባድ ነው፣ ስድስት ቦታ ለማመልከት ደግሞ ገንዘቡ ራሱ የወር ደሞዝ ይበላል። ለፕሮግራሙ አስተባባሪ ሁለት መስመር ጻፉ፦ ከኢትዮጵያ እንደምታመለክቱ፣ ክፍያው እንዲነሳላችሁ የሚቻል እንደሆነ። የሚያነሱ አሉ፣ የማያነሱም አሉ፤ መጠየቁ ማመልከቻውን አይጎዳም። የአውሮፓ የሥራ ማስታወቂያዎች በተለምዶ ክፍያ የላቸውም።

8. የመላኪያዋ ሌሊት

በአሜሪካ ምሥራቅ ሰዓት ዲሴምበር 1 በ11፡59 ፒኤም (23፡59) ይዘጋል ከተባለ፣ በዚያ ወቅት ልዩነቱ ስምንት ሰዓት ነው፤ ለእኛ በማግስቱ ከጠዋቱ 1፡59 ማለት ነው፣ በአብዛኛው ዓመት ኅዳር 23። በርሊን 23፡59 ካለ ለእኛ ከሌሊቱ 7፡59 ነው። ይህን በወረቀት ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ፤ በጭንቅላት የሚሰላ ሰዓት ሁልጊዜ በስድስት ይሳሳታል።

ግን ያንን ሌሊት አትጠብቁ። መብራት ይሄዳል፣ ኔትዎርክ ይቆራረጣል፣ ፖርታሉም በመጨረሻው ሰዓት ይንቀራፈፋል። ሦስት ቀን አስቀድማችሁ ላኩ። ከመላካችሁ በፊት የጫናችሁትን ፒዲኤፍ እዚያው ከፖርታሉ መልሳችሁ አውርዳችሁ ክፈቱት። ለአንዱ ዩኒቨርሲቲ የጻፋችሁት ውስጥ የሌላው ስም ቀርቶ እንደሆነ የሚታየው ያኔ ነው። ከላካችሁ በኋላ የድጋፍ ደብዳቤዎቹ መግባታቸውን ገጹ ላይ አረጋግጡ፤ ብዙ ቦታ ደብዳቤ ጥቂት ቀን ቢዘገይ ይታገሳሉ፣ ማመልከቻው ቢዘገይ ግን አይታገሱም።

9. ቃለ መጠይቅ፣ ኦፈር፣ ሚያዝያ 7

ከጥር እስከ የካቲት ድረስ በዙም ሊያናግሯችሁ ይችላሉ። ስልካችሁን በሞባይል ዳታ ተጠባባቂ አድርጉ፣ መብራት እንደሚጠፋም መጀመሪያ ላይ ንገሯቸው፤ ቢቋረጥ ይገባቸዋል። ቴሲሳችሁን በሦስት ደቂቃ መናገር ተለማመዱ። የማታውቁትን ሲጠይቋችሁ "አላውቅም፣ ግን እንዲህ አድርጌ እፈልገዋለሁ" በሉ። እኛ አገር ፈታኝ ፊት ዝም ማለት ጨዋነት ነው፤ እዚያ ግን የሚፈልጉት አብሯቸው የሚከራከር ሰው ነው።

የኦፈር ደብዳቤ ሲመጣ ከደስታው በረድ ብላችሁ አንብቡት። መተዳደሪያው ለ9 ወር ነው ወይስ ለ12? በ9 ከሆነ የቀሩትን ሦስት ወራት በምን ትኖራላችሁ? የተረጋገጠው ለስንት ዓመት ነው? የጤና መድኑ ሙሉ ነው? "ፊስ" የሚባለው ከትምህርት ክፍያው ውጪ ያለ ልዩ ልዩ ክፍያ በማን ላይ ነው? ከተማውስ ምን ያህል ውድ ነው? ይህን ሁሉ መጠየቅ ነውር የለውም።

አብዛኞቹ ዶክትሬት ሰጪ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቶች ምክር ቤት ባወጣው ስምምነት ላይ ፈርመዋል። በእሱ መሠረት የገንዘብ ድጋፍ የቀረበለት ተማሪ እስከ ኤፕሪል 15፣ ማለትም እስከ ሚያዝያ 7፣ መልስ እንዲሰጥ አይገደድም። "በሦስት ቀን ወስን" ካሏችሁ ይህን በትሕትና አስታውሱ። ሁለት ኦፈር ካላችሁ ደግሞ የማትሄዱበትን ቶሎ መልሱ፤ ተጠባባቂ ዝርዝር ላይ ያለ ሌላ ሰው አለ።

ዩኒቨርሲቲ የምታስተምሩ ከሆነ የትምህርት ፈቃዱንና የአገልግሎት ውሉን ከዋሱ ጋር አሁኑኑ ጀምሩት፤ ዋስ መፈለግ ከኦፈር በላይ ጊዜ የሚወስድበት ሰው አይቻለሁ። ለቪዛው አይ 20 የሚባለው ቅጽ ከዩኒቨርሲቲው ይመጣል፤ ሙሉ ድጋፉ እሱ ላይ ስለሚጻፍ የባንክ ሒሳብ የሚያሳይ ዘመድ ፍለጋ መዞር አይጠበቅባችሁም። ለተማሪ ቪዛ የሚጠየቀውን፣ ሴቪስ የሚባለውን 350 ዶላር ክፍያ ውጭ ያለ ወዳጅ በስማችሁ ሊከፍልላችሁ ይችላል።

እዚያ ስትደርሱ የመጀመሪያው ክፍያ ወዲያው አይመጣም፤ ነሐሴ መጨረሻ የጀመረ ሰው መስከረም ወይም ጥቅምት ላይ ሊያገኘው ይችላል። ቤት ተከራይ ግን በመጀመሪያው ቀን የወሩን ኪራይና ማስያዣ ይጠየቃል። ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት ለትምህርት ክፍሉ ጸሐፊ ጻፉና የመጀመሪያው ክፍያ ስንት ቀን ላይ እንደሚገባ፣ ቅድመ ክፍያ ወይም አጭር ብድር ይሰጡ እንደሆነ ጠይቁ። በከተማው ያሉትን የኢትዮጵያ ተማሪዎችም ቀድማችሁ ፈልጓቸው፤ እስከ መጀመሪያው ክፍያ የሚያስጠጋ ሰው ከእነሱ መካከል አይጠፋም።